መርከቢቱ የት ከርማ መጣች?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ሦስት ጥያቄ ይዘናል። ሦስቱም ከጎንደር የመጡ ናቸው፣ ሦስቱም ስለ ትንንሽ የጠፈር መርከብ ሞዴሎች ነው የሚጠይቁት። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ቦታውን ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? የምኖረው ማራኪ ነው። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ትንሽ የጠፈር መርከብ ኪት (ተገጣጣሚ ሞዴል) አምጥቶልኝ ነበር። ሳጥኑ 1/144 ይላል፣ ተገጣጥማ ስታልቅ 12 ሴንቲ ሜትር ናት። ፕራይመር፣ ያው ከቀለም በፊት የሚቀባውን፣ በስፕሬይ ነፋሁባት፣ ከዚያ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ግራጫ በብሩሽ ቀባኋት። ሰውነቷ ላይ የተቀረጹትን መስመሮች በሙሉ በጥቁር እስክሪብቶ ሞላኋቸው። ያረጀች እንድትመስል ቡናማ ዝገት ጨመርኩ፣ በስፖንጅም የተላላጠ ቀለም ሠራሁ። ይህን ሁሉ ለፍቼ ግን መጫወቻ ነው የምትመስለው። ፎቶ ልኬያለሁ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚረጭ መሣሪያ) የለኝም። እንደገና ልጀምር ወይስ በላዩ ልቀጥል?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። መጀመሪያ ደህናውን ልንገርህ። መጋጠሚያዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስክበት መንገድ በጣም ጥሩ ነው፣ ክንፉ ከሆዱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ጨርሶ አይታይም። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚቸኩለው። ስለዚህ እጅ አለህ።

ችግሩ ሌላ ነው። መርከብህ ቆሽሻለች፣ ግን ምን እንዳቆሸሻት አይታወቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፋሲል ግቢ ግባና ግንቡን ቀርበህ እየው። ከሩቅ ሳይሆን ድንጋዩ ሥር ቆመህ። ያ ግንብ ከ300 በላይ ክረምት ወርዶበታል፣ ግን ዝናቡ ሁሉንም ቦታ እኩል አላጠቆረውም። ውሃ የሚጠራቀምበት ጠርዝ አለ፣ ጥቁሩ ከዚያ ይጀምርና ወደ ታች ሲወርድ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። የተጠለለው ድንጋይ ደግሞ ነጣ እንዳለ ነው። ቆሻሻው መነሻ አለው፣ መንገድ አለው፣ መጨረሻም አለው። ያንተ መርከብ ላይ ያለው ቡናማ ግን እኩል ተረጭቷል፣ አፍንጫዋም ጀርባዋም ሆዷም ላይ። ዓይናችን ይህን ወዲያው ይይዘዋል። ለምን እንደከነከነን አናውቅም፣ ግን ይከነክነናል።

ስለዚህ ብሩሽ ከማንሳትህ በፊት ቁጭ በልና መርከቢቱ የት ከርማ እንደመጣች ወስን። ጠፈር ውስጥ ብቻ ነው የምትኖረው? እንግዲያው ያ ሁሉ ዝገት ከየት መጣ? ብረት እንዲዝግ አየርና እርጥበት ያስፈልገዋል፣ ባዶ ጠፈር ላይ ደግሞ ሁለቱም የሉም። ከጠፈር ወደ ፕላኔት የምትመላለስ ከሆነ ግን አቧራው ሆዷና የማረፊያ እግሮቿ ላይ ይሁን፣ ቃጠሎው ደግሞ አየሩን ስትሰነጥቅ ቀድሞ የሚነካት ቦታ ላይ። ከጨረቃ የተመለሱትን የአፖሎ መንኮራኩሮች ፎቶ ፈልገህ እይ። ሲሄዱ የብር ወረቀት የለበሱ ይመስሉ ነበር፣ ሲመለሱ ቡናማና የተለበለቡ ነበሩ። ያ ነው ታሪክ ማለት።

ሌላው ስለ መጠን ነው። 1/144 የሚለውን ቁጥር ሳጥኑ ላይ አንብበን እናልፈዋለን እንጂ ሥራው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነው። ሞዴሏ ከእውነተኛዋ 144 ጊዜ ታንሳለች፣ ስለዚህ 12 ሴንቲ ሜትሯ መርከብህ በእውኑ 17 ሜትር ከ28 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች ማለት ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው አጠገቧ ቢቆም 12 ሚሊ ሜትር አይሞላም። አሁን አንዲት የጤፍ ፍሬ አምጣና ክንፏ ላይ አስቀምጣት። ጤፏ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። በመርከቧ ዓለም ግን 14 ሴንቲ ሜትር ሆነች። አንተ በስፖንጅ የነካካሃቸው ልጣጮች ደግሞ ፎቶው ላይ እንደማያቸው ከጤፍ ሦስት እጥፍ ይሆናሉ፣ ይኸውም እያንዳንዳቸው ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ናቸው። እንደዚያ የተገሸለጠች መርከብ ማንም አይሳፈርባትም። የእስክሪብቶው መስመርም እንደዚሁ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ወፍራም ቢሆን በእውኑ 7 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ነው። ጤፏን ሥራ ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጣት። ማንኛውንም ጠብታና ጭረት ከመሥራትህ በፊት ከሷ ጋር አስተያየው፣ እኔ ዛሬም እንደዚያ ነው የማደርገው።

አሁን ወደ ሥራው። እንደገና ጀምር። አዝናለሁ፣ ግን በላዩ ብትቀጥል ቀለሙ እየወፈረ ስስ ዝርዝሩን ይውጠዋል። የቀባኸው አክሪሊክ ስለሆነ ከፋርማሲ የምትገዛው አልኮል ያነሳልሃል። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ዘፍዝፋት፣ ከተወሰኑ ሰዓታት በኋላ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጋት። መስታወት የመሰለውን ክፍል ግን አውጣው፣ እሱ አልኮል አይግባ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ክፍሎቹ ተያይዘውበት ከመጡት የፕላስቲክ ፍሬም ቁራጭ ላይ ሞክር። ይህን የምልህ ስለተቃጠልኩ ነው። የመጀመሪያ ሞዴሌን ቀለም ለማንሳት ብዬ ከአንድ ቀለም መሸጫ የገዛሁትን ቲነር በጥጥ ነካሁባት። አንድ ጊዜ ብቻ። የኮክፒቱ ጠርዝ እንደ ሻማ ለሰለሰና የጣቴ አሻራ ቀረበት። ቲነር፣ አሴቶንና ቤንዚን ይህንን ፕላስቲክ ይበሉታል።

ፕራይመሩ ፎቶው ላይ እንደ አሸዋ ሻካራ ሆኖ ይታየኛል። ይህ በደረቁ ወራት እዚህ ጎንደር የተለመደ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ከሩቅ ከነፋኸው ጠብታው መንገድ ላይ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ያርፋል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቅረብ። ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆየው፣ ለብ ያለ ነው ያልኩት እንጂ የፈላ አይደለም፣ እሳት አጠገብም እንዳታደርሰው። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ነፋሱ ሳይነሳ ሥራው። ስፕሬዩን ከመርከቧ ውጭ ጀምረህ ከመርከቧ ውጭ ጨርስ፣ በላይዋ ላይ አትጀምር። ሁለት ስስ ድርብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ እርጥበቱ ቀለሙን ነጭ ጉም ያስመስለዋል። ዝናብ ባዘለ ቀን ተወው።

ኤርብራሽ የለኝም ላልከው፣ ለዚህች መጠን ብሩሽ ይበቃል። አክሪሊኩ ግን እዚህ አገር ቶሎ ይደርቃል፣ ብሩሹ ላይ እያለ መጎተት ይጀምራል። ክዳን ያለው ዝርግ ዕቃ ፈልግ፣ ሶፍት አርሰህ አንጥፍበት፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ዘርጋ። ቀለምህን እዚያ ላይ በጥብጥ። ክዳኑን ስትገጥመው በማግስቱም እርጥብ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ስለ ግራጫው። አንድ ግራጫ ብቻ ነው የተጠቀምከው፣ መጫወቻ ያስመሰላትም አንዱ እሱ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተህ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ታውቃቸዋለህ። ከበሩ ስታያቸው ሁሉም አንድ ናቸው፣ አንገትህን ቀና አድርገህ አንድ በአንድ ስታያቸው ግን አንዱ ከሌላው ይለያል፣ የዓይኑ አቅጣጫ፣ የቅንድቡ ነገር። ጣሪያው ሕያው የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። መርከቧንም እንደዚያ ሥራት። ግራጫህን በሦስት ቆርኪ ክፈለው። አንዱን እንዳለ ተወው፣ አንዱ ላይ አንድ ጠብታ ነጭ፣ አንዱ ላይ የስቴኪኒ ጫፍ የምታህል ቡናማ ጨምር። ከዚያ ፓነሎቹን፣ በመስመሮቹ የተከፋፈሉትን ገጾች ማለቴ ነው፣ እየለያየህ ቅባ። ልዩነቱ ፈልጎ ላየ ሰው ብቻ የሚታይ ይሁን። የአሜሪካኖቹን የጠፈር መንኮራኩር፣ ሸትሉን ማለቴ ነው፣ ሆዱን በቅርብ የሚያሳይ ፎቶ ካገኘህ ይህንን ታየዋለህ። ሙቀት የሚከላከሉት ጡቦች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፣ አዲስ የተተካው ጠቆር ብሎ ይታያል፣ ብዙ የበረረው ነጣ ይላል።

ደግሞ ሁሉም ነገር ግራጫ መሆን የለበትም። ሸትሉ ላይ የነበረው ትልቁ የነዳጅ ታንክ እ.ኤ.አ. በ1981 በተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት በረራዎች ብቻ ነው ነጭ የተቀባው። ከዚያ ቀለሙ ራሱ 270 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ስለነበር ተዉት፣ ብርቱካናማው መከላከያ እንዳለ ቀረ። ቀለም ክብደት ነው። ያንተም መርከብ ላይ ያልተቀባ ክፍል፣ ከሌላ መርከብ የመጣ የሚመስል በር፣ የተለየ ቀለም ያለው ታንክ ሊኖር ይችላል። ንጹሕ ነጭና ንጹሕ ጥቁር ግን ከጠርሙሱ እንዳሉ አትጠቀም፣ በዚህ መጠን ላይ ይጮኻሉ። ነጩን በጥቂት ግራጫ ስበረው፣ ጥቁሩን ደግሞ ወደ ጠቆር ያለ ግራጫ አምጣው።

አሁን መስመሮቹ፣ እኔ በጣም የምወደው ሥራ። እስክሪብቶውን አስቀምጥ። ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ የሚያብረቀርቅ ክሊር (ቀለም አልባ ቫርኒሽ) ቅባና አንድ ቀን አሳድረው። ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበትን የዘይት ቀለም አምጣ፣ ጥቁርና ጠቆር ያለ ቡናማ ይበቃሃል። የምስር ፍሬ የምታህል ጨምቀህ በአንድ ቆርኪ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በጥብጣት። ቀጭን ሻይ መምሰል አለበት። የብሩሽህን ጫፍ ነክረህ መስመሩን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ንካው። አትጎትት። ቀለሙ ራሱ በመስመሩ ውስጥ ሮጦ ሲሄድ ታያለህ፣ ጥግ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፣ የበሩን ዙሪያ ዞሮ ይገናኛል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተህ ትርፉን በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አንሳው። ጥጡ በአኳራጅ እርጥበት ብቻ ይንካ፣ አይንጠብጠብ። ስትጠርግ ደግሞ ዝም ብለህ አትጥረግ፣ አየሩ ከአፍንጫዋ ወደ ጅራቷ እንደሚሄድ አስብና በዚያው አቅጣጫ ሳብ። የምትቀረዋ ስስ ጭረት ያቺ ፋሲል ግንብ ላይ ያየሃት ናት። መጋጠሚያዎች ላይ ግን እንዳታፈስበት። ኪቱ ያለ ማጣበቂያ በመገጣጠም የሚያያዝ ከሆነ ፕላስቲኩ ውጥር ነው፣ አኳራጅ ሲገባበት ይሰነጠቃል።

ለልጣጩ አውቶ ፓርኮ ሂድና ባጃጆችንና አይሱዙዎችን ተመልከት። ቀለም የሚላጠው እጅ የሚይዘው፣ እግር የሚረግጠው፣ ዕቃ የሚጎተትበት ቦታ ነው። በሩ ዙሪያ፣ ደረጃው ጠርዝ፣ የጭነቱ አፍ። ጣሪያው መሀል ላይ ማንም አይነካውም። መርከብህ ላይም ሰው የሚገባበትን በር ፈልግና ልጣጩን እዚያ ሰብስበው፣ በስፖንጅ ሳይሆን በስቴኪኒ ጫፍ።

ሞተሩ ቀላል ነው። የጉሮሮውን ጠርዝ በለስላሳ እርሳስ ፈትገው፣ ብረት ብረት ይላል። ለጥቁሩ ከምጣድ ሥር ጥላሸት ጠርገህ አምጣ፣ በደረቅ ብሩሽ ከውስጥ ወደ ውጭ እየሳሳ እንዲሄድ ንካው። በመጨረሻ የማያብረቀርቀውን ቫርኒሽ ትረጫለህ። ቫርኒሹ ሲያርፍበት ጥላሸቱ ግማሹ ስለሚደበዝዝ መጀመሪያውኑ ትንሽ አብዝተው።

ዝርዝር ልጨምርባት ካልክ ደግሞ ፒያሳ ስልክ የሚጠግኑትን ልጆች ጠይቃቸው። ከተሰበረ ስልክ የድምፅ ማጉያውን ወንፊት፣ ከተበላሸ ኢርፎን ፀጉር የሚያክል የመዳብ ሽቦ ታገኛለህ። ወንፊቱ የአየር መውጫ ይሆናል፣ ሽቦው ቱቦ። ይህ ተራ ብልሃት እንዳይመስልህ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የነበሩ የፊልም ሞዴል ሠሪዎችም የታንክና የጦር መርከብ ኪቶችን እየፈቱ ነበር ግዙፍ መርከቦቻቸውን የሚያስጌጡት። ስትለጥፍ ብቻ ያንን 12 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሰው አትርሳው። በሩ 14 ሚሊ ሜትር ከሆነ በእውኑ 2 ሜትር ነው፣ ሰውየው ቀና ብሎ ይገባል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአዘዞ ነው የምጽፈው። የ12 ዓመት ልጄ በዚህ የሞዴል ሥራ ተይዟል፣ ደስ ይለኛል፣ ስልክ ላይ ከሚውል ይሻላል። ግን ክፍላችን አንድ ናት፣ ምግብም እዚያው ነው የምናበስለው። ስፕሬይ ሲነፋ ሽታው ራሴን ያመኛል። ልከልክለው ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራውን አይከልክሉት። ስፕሬዩን ግን ቤት ውስጥ ይከልክሉት፣ ዛሬውኑ። ነገሩ የሽታ ብቻ አይደለም። ስፕሬዩን ከጣሳው ገፍቶ የሚያወጣው ጋዝ በአብዛኛው ተቀጣጣይ ነው። የከሰል ምድጃ ባለበት ክፍል ውስጥ መነፋት የለበትም፣ ምድጃው ጥግ ላይ ቢሆንም እንኳ። ውጭ፣ ግቢ ውስጥ፣ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ፣ እርስዎ ባሉበት ይንፋ። ፋርማሲ የሚሸጠው ተራ ማስክ ጠብታውን እንጂ ትነቱን አይይዘውም፣ ስለዚህ በሱ ተማምኖ ቤት ውስጥ መሥራት አይሆንም።

ለ12 ዓመት ልጅ በብሩሽ የሚቀባ፣ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይበቃዋል። ሽታው ቀላል ነው፣ ብሩሹም በውሃ ይታጠባል። ምላጭ ሲያስፈልግ እርስዎ ይቁረጡለት፣ ወይም ክፍሎቹን ከፍሬሙ በጥፍር መቁረጫ ይለያቸው። ሱፐር ግሉ ጣቱን ካጣበቀው አይሳቡት፣ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ውስጥ ያቆዩት፣ ቀስ እያለ ይለቃል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልለምንዎት። ቲነርም ሆነ አኳራጅ በሃይላንድ ጠርሙስ እንዳያስቀምጡ። ውሃ ይመስላል። ቤት ውስጥ ሌላ ትንሽ ልጅ ካለ፣ ወይ በጨለማ የጠማው ሰው ካለ፣ አንድ ጉንጭ ይበቃል። በመጣበት ዕቃ፣ ክዳኑ ተጠብቆ፣ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ሳይታወቅ የጠጣ ሰው ከተገኘ ደግሞ አስታውኩት የሚል ምክር እንዳይሰሙ፣ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዘው ቀጥታ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ በውሃ የሚለጠፈውን ዲካል (የቁጥርና የምልክት ተለጣፊ) ለጥፌው ሲደርቅ ዙሪያው እንደ ላስቲክ ያብለጨልጫል። ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ግን ተለጣፊ መሆኑ ያስታውቃል። ምን ላድርግ? (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ ሻካራ ቀለም ላይ ስለለጠፍሽው ነው። ከዲካሉ ሥር ትንንሽ የአየር ኪስ ይቀራል፣ የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። በሚቀጥለው ከመለጠፍሽ በፊት ቦታውን በሚያብረቀርቅ ክሊር አለስልሽው፣ የዲካሉንም ትርፍ ጠርዝ በመቀስ እስከ ቁጥሩ ድረስ ጠጋ አድርገሽ ቁረጪው።

የተለጠፈውን ደግሞ ማዳን ይቻላል። በቀጭን መርፌ ጫፍ የሚያብለጨልጨውን ቦታ ወጋ ወጋ አድርጊው። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ማለስለሻ ፈሳሽ ካለሽ በብሩሽ አንድ ጠብታ አሳርፊበት። ከሌለሽ አቼቶ በእኩል ውሃ አቅጥነሽ ሞክሪ፣ ለስለስ ያለ ቢሆንም ይሠራል፣ በመጀመሪያ በማትፈልጊው ዲካል ላይ ፈትሺው። ዲካሉ ትንሽ ሊጨማደድ ይችላል። አትደንግጪ፣ በጣትሽም አትንኪው። ሲደርቅ ራሱ ይዘረጋል። ካልበቃው በማግስቱ ድገሚው፣ ከዚያ በላዩ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ።